አፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ባለ እጆች

አንድ አገር የጎደላትን ዕቃ በገንዘብ ልትገዛ ትችላለች፤ ዕቃውን የሚሠራውን ሰው ግን በገንዘብ ብቻ የራሷ ልታደርገው አትችልም። ባለ ሙያው በውል ቢመጣ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል፤ በግድ ቢያዝ ያዡ ሲወድቅ ይሄዳል። ከአጠገቡ ቆሞ የሠራው የአገሩ ሰው ሙያውን ተምሮ ካልቀረ፣ ለአገሪቱ የሚተርፋት ዕቃው ብቻ ነው፤ እርሱም ሲሰበር የሚጠግነው አይኖርም።

ይህን ችግር በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ አስቀድሞ ያሰበበት አልጠፋም። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ምዕተ ዓመት ለፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት መልእክት ልዩ ልዩ ባለ እጆች እንዲላኩላቸው ጠይቀው ነበር። የባለ ሙያ እጥረትን ከመንግሥታቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ አድርገው፣ ሥራ ቤት አቋቁመው፣ በየቀኑ እየተከታተሉና በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሊወጡት የታገሉት ግን አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ጀግንነታቸውና ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ተዘምሯል። በጋፋት ስላቋቋሙት ሥራ ቤት የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ትልቅ መድፍ አያልፍም። ከመድፉ በስተ ጀርባ የነበረው ሐሳብም፣ ሐሳቡ የተሰናከለበት ምክንያትም ለምሕንድስና ባለ ሙያ ልዩ ትርጉም አላቸው።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበሩ። ይሁን እንጂ አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱበት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር አሳደጉት። እናቱ ኮሶ ሸጠው ይኖሩ ነበር መባሉ፣ ልጁ ካደገና ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ ለጠላቶቹ የስድብ ርእስ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዘመን አመለካከት በላብ ሠርቶ ማደር ለመኳንንት ወገን የሚያስነቅፍ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ካሣ በገዳም ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት ተማረ፤ ከዚያም ዘመዱ በሆኑት በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሥራ ለመደ። ደጃዝማች ክንፉ በምዕራቡ ጠረፍ የግብጽን ጦር በ1829 ዓ.ም. ድል አድርገው ስለ ነበር፣ ወጣቱ ካሣ ግብጻውያን በጀግንነት ብቻ የሚመለሱ መስሎት ቢያድግ አያስደንቅም።

ይህን እምነቱን የሰበረው በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ የደረሰበት ሽንፈት ነው። ካሣ በዚያን ጊዜ የቋራና የአካባቢው ገዥ ሆኖ፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ፣ ብዙ ሠራዊት እየመራ ወደ ሱዳን ወሰን ዘመተ። በደባርቂ የጠበቀው የግብጽ ጦር በቁጥር ከእርሱ በጣም ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ምሽግ ሠርቷል፣ መድፍ አለው፣ በትእዛዝ የሚተኩስና በትእዛዝ የሚያቆም የሠለጠነ ወታደር ነው። የካሣ ሰዎች በድፍረት ቢገቡም መድፉ እየጠረገ መለሳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የመድፍና የሠለጠነ ሠራዊት ጉዳይ ከካሣ ሐሳብ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው የድል ታሪክ የታወቀ ነው። በ1845 ዓ.ም. መጀመሪያ ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረገ። በዚያው ሰሞን በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ዘመነ መሳፍንት ተዘጋ። አዲሱ ንጉሥ በአዋጅ ወንበዴው ዘረፋውን ትቶ ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ እያንዳንዱም ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመለስ አዘዙ። አገርን አንድ ማድረግ በሰይፍ ቢጀመርም በሥራ ካልጸና እንደማይዘልቅ ቢያንስ በዚያ አዋጅ ላይ አይተውት ነበር።

አገሪቱ የነበራት ሙያ

አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ ሙያ አልነበራትም ማለት ስሕተት ነው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ ወታደሩ የሚይዘው ጦርና ጎራዴ ሁሉ በአገር ውስጥ ይሠራ ነበር። ባለ እጁ የብረት አፈሩን ከኮረብታ ቆፍሮ፣ በከሰል አቀጣጥሎ፣ በቆዳ ወናፍ እየነፋ ያቀልጠዋል፤ ከዚያም በመዶሻ እየቀጠቀጠ ቅርጽ ያሲዘዋል። ጎንደር በተለይ የሙያተኞች ከተማ ነበረች። ግንበኞቿ፣ ቀጥቃጮቿ፣ ሸማኔዎቿና ቆዳ ፋቂዎቿ የነገሥታቱን ግንቦች ከሠሩት ሰዎች የተረፈውን ልምድ ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፉ ነበር። ከእነዚህም መካከል ቤተ እስራኤል በግንብና በብረት ሥራ፣ ሴቶቻቸውም በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ።

ሆኖም ይህ ሙያ ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው ከመጠን ጋር የተያያዘ ነው። በአገሩ ምድጃ የሚገኘው ብረት ለማረሻና ለጦር የሚበቃ ቁራጭ እንጂ ወደ ቅርጽ የሚፈስ ብዙ ቅልጥ አልነበረም፤ መድፍ ለማቅለጥ ግን ሌላ ዓይነት ምድጃ፣ ሌላ ዓይነት ጡብ፣ ሌላ ዓይነት ልምድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጉድለት ከሰው አመለካከት የመጣ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ በጋብቻ አይቀላቀሉትም፤ ርስት ለመያዝም ይቸገራል። ገበሬው ያለ እርሱ ማረሻ አንድ ትልም ማውጣት አይችልም፤ ግን በማዕዱ አያስቀምጠውም። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ የመኳንንት ልጅ ወደ ምድጃ እንዲቀርብ፣ የገበሬውም ልጅ ሙያ እንዲለምድ ማድረግ ከራሱ ከምድጃው ሥራ የሚከብድ ነገር ነበር።

ከኢየሩሳሌም የመጡት ባለ እጆች

የአፄ ቴዎድሮስ ፍላጎትና የአንድ የውጭ ሰው ዕቅድ በዚህ ጊዜ ተገናኙ። በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ ቆይተው ስለ ነበር፣ ተራ ሰባኪ ከመላክ ይልቅ በእጁ ሠርቶ የሚያድር፣ በሥራውና በኑሮው የሚያስተምር ሰው መላክ ይሻላል ብለው አሰቡ። በስዊስ በባዝል ከተማ አጠገብ በነበረው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ ወጣቶችን መረጡ። በ1847 ዓ.ም. ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ ቀድመው መጥተው ከንጉሡ ጋር ተነጋገሩ፤ ከዚያ በኋላ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን፣ ጥቂት ቆይተውም ቫልድማየርና ዛልሙለር መጡ። ወንጌል ለመስበክ የተፈቀደላቸው ለቤተ እስራኤል ብቻ ሲሆን፣ የኦርቶዶክሱን ምእመን ከሃይማኖቱ እንዳያናውጡ ተከልክለው ነበር።

ንጉሡ ከሰባኪነታቸው ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ኮረብታ ላይ መኖሪያና ሥራ ቤት ሰጧቸው። ከእነርሱ ጋር በሌላ መንገድ የመጡ ሌሎች የውጭ ሰዎችም ተቀላቀሉ፤ የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሆል በማቅለጥ ሥራ፣ ፈረንሳዊው ቡርጎ በጠመንጃ ሥራ ይታወቁ ነበር። ቀድሞ ከደጃዝማች ውቤ ዘንድ የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርም ወደ ንጉሡ አገልግሎት ገባ። ንጉሡ ገንዘብ፣ ፈረስና የክብር ልብስ ይሰጧቸው ነበር። አንዳንዶቹ አገር ውስጥ አግብተው ልጆች ወለዱ፤ ቫልድማየር የንጉሡ ወዳጅና ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ።

የጋፋት ሰዎች መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ ለጊዜው የሚቻል ነበር። ጠመንጃ ይጠግናሉ፣ ሠረገላ ይሠራሉ፣ መንገድ ያወጣሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የተጀመሩት መንገዶች በአገሪቱ ታሪክ ለመንኰራኩር ታስበው ከወጡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ሚስዮናውያኑ ልጆችን ሰብስበው ንባብና ጽሕፈት ያስተምሩ ጀመር፤ በየሥራውም ለእጅ እርዳታ የተመደቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንግዲህ አስተማሪ፣ ለማጅ፣ ሥራ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ሥራውን አጥብቆ የሚፈልግ መንግሥት በአንድ ኮረብታ ላይ ተገናኙ። ለሙያ ማሠልጠኛ የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል ተሟልቶ ነበር። የጎደለው ጊዜ ነው።

ምድጃውና መድፉ

ንጉሡ ጊዜ ያልነበራቸው በምክንያት ነው። የዘመነ መሳፍንት ወራሾች በየአውራጃው ያምፃሉ፤ በሰሜንና በምዕራብ የግብጽ ጦር ይታያል፤ የባሕሩ በር በውጭ ሰው እጅ ነው፤ ጠመንጃ ለመግዛት የሚያልፉበት መንገድ የለም። መግዛት ካልተቻለ መሥራት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ለጋፋት ሰዎች መድፍ አቅልጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። ከሚስዮናውያኑ አብዛኞቹ መድፍ ማቅለጥን በሙያ የተማሩ አልነበሩም፤ ይህንንም ለንጉሡ ገለጹ። ትእዛዙ ግን የሚሻር አልሆነም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። የዚህ ዓይነት ሥራ የት የት ላይ እንደሚሰናከል ለባለ ሙያ ግልጽ ነው። የምድጃው ጡብ ከተራ ሸክላ ከሆነ መዳቡ ሳይቀልጥ ጡቡ ይፈርሳል። የወናፉ ነፋስ ካነሰ ሙቀቱ አይደርስም። የጭቃው ቅርጽ እስከ ውስጡ ካልደረቀ፣ የቀለጠው ብረት ሲገባበት እርጥበቱ በድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅርጹን ይበትነዋል፤ በአጠገቡ የቆመውንም ሰው ይጎዳል። መድፉ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ቅልጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት፤ ቀድሞ የገባው ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጨመረው ስለማይዋሐድ መድፉ በመገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። በአውሮፓ መድፍ ሠሪዎች ይህን ለማወቅ ብዙ ትውልድ ፈጅቶባቸዋል። የጋፋት ሰዎች እየተሳሳቱ፣ እያፈረሱና እንደገና እየሠሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረሱበት። ከአሸናፊነት ጋር የሚቆጠር የሙያ ሥራ ነው።

ከትናንሾቹ በኋላ ትልልቆቹ መጡ። የመጨረሻውና ትልቁ ሞርታር በሚባለው አጭርና አፈ ሰፊ መድፍ ዓይነት የተሠራው ሴባስቶፖል ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ለረጅም ወራት ተከቦ ከቆየው የሩሲያ ምሽግ የተወሰደ ሲሆን፣ ክብደቱ 7 ቶን ወይም 70 ኩንታል ያህል ይሆናል። ንጉሡ መድፉ ሲሳካ የተሰማቸው ደስታ ከጦር ሜዳ ድላቸው ያነሰ አልነበረም።

ነገር ግን ሥራው በዚህ መንገድ መሄዱ የሙያ ትምህርቱን ጎዳው። በሥራ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውጤት አለ፤ አንዱ የሚሠራው ዕቃ፣ ሁለተኛው ዕቃውን መሥራት የሚችል ሰው። ሁለቱ የሚፈልጉት ጊዜ የተለያየ ነው። ዕቃው ቶሎ እንዲደርስ ሲፈለግ ዐዋቂው ራሱ ይሠራዋል፤ ለማጁ ከሰል ያቀርባል፣ ወናፍ ይነፋል፣ ገመድ ይስባል። ሰው እንዲወጣ ሲፈለግ ግን ዐዋቂው እጁን ሰብስቦ ለማጁ ሲሳሳት መታገሥ አለበት። ጋፋት ለመጀመሪያው እንጂ ለሁለተኛው ፋታ አላገኘም። የምድጃው አሠራር፣ የመዳቡና የቆርቆሮው ልክ፣ የቅርጹ አደራረቅ በጥቂት የውጭ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። ብዙ ጉልበት ያወጡት የአገሩ ሰዎች ከሥራው ቢለምዱም የሥራው ባለቤት አልሆኑም።

የተጠየቁትና ያልደረሱት

አፄ ቴዎድሮስ የጋፋት ሰዎች እንደማይበቁ ያውቁ ነበር። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስሉ በካሜሮን አማካይነት ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፤ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚደርሱበትን መንገድ ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። በለንደን መዝገብ ቤት የአንድ ወረቀት መዘንጋት የተለመደ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በደብረ ታቦር ግን የአንድ ንጉሥ ክብር መነካት ነበር። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ።

በ1858 ዓ.ም. ሆርሙዝድ ራሳም ከእንግሊዝ መንግሥት መልስ ይዞ ሲመጣ ነገሩ የሚበርድ መስሎ ነበር። ንጉሡም ጥያቄያቸውን በግልጽ አቀረቡ፤ ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለ እጆችና የሥራ መሣሪያ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ብረት አቅላጭና ጠመንጃ ሠሪ ፈለጉ፤ እንዲሁም ሌላውን የሚያስተምር ሰው ፈለጉ። በዚያው ዓመት ግን ራሳምና ጓደኞቹም ከመሄድ ታግደው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ባለ እጆችን ቀጥሮ፣ መሣሪያ ገዝቶ እስከ ምጽዋ ላከ፤ ሆኖም እስረኞቹ ሳይፈቱ አንድም ሰው ወደ ደጋ እንዳይወጣ ወሰነ። ንጉሡ ደግሞ ባለ እጆቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። የሁለቱ አለመተማመን በምጽዋ ወደብ ላይ ተፋጠጠ። ባለ እጆቹ ወራት ጠብቀው መሣሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የፈለገችው የሙያ እርዳታ ከዚያ ቀደም እንዲህ ቀርቦ አያውቅም ነበር፤ እንዲህ ቀርቦም ሳይገባ ቀረ።

ንጉሡ እስኪመጡ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር ከደንገል ትልልቅ ታንኳ አሠርተው፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መዘውር አስገጥመው እንደ እንፋሎት መርከብ ሊያስኬዱት ሞከሩ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ነገሩ ዘላቂ አልሆነም። ቢሆንም ስለ መርከብ ከመስማት በቀር ሌላ ትምህርት ያላገኘ ሰው የኃይልን መተላለፍ በራሱ አስቦ እስከዚህ መድረሱ፣ በጊዜው ተገቢው መምህር ቢገኝ ኖሮ ምን ሊደረግ ይችል እንደ ነበር ያመለክታል።

በሌላ በኩል ንጉሡ በገዛ እጃቸው ያፈረሱትም አለ። ዐመፅ ሲበዛ ቁጣቸውም በዛ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን ከተማ ዘርፈው አቃጠሏት። የጎንደር መቃጠል በቤተ ክርስቲያንና በመጽሐፍ ላይ የደረሰው ጥፋት ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ ነገር ግን ጎንደር ከላይ እንደተባለው አገሪቱ የነበራት ትልቁ የሙያተኞች መኖሪያ ነበረች። ከባሕር ማዶ አንድ ባለ እጅ ለማምጣት መንግሥታቸውን እስከ መክፈል የደረሱ ንጉሥ፣ ትውልድ የለመደው የሙያ ሰፈር በእሳት ሲበላ ማየታቸው የዚህ ታሪክ ትልቁ ሐዘን ነው። በዚያው ዓመት የጋፋት ሰዎችም በጥርጣሬ ታይተው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱና በጠባቂ ሥር ሆኑ። አስተማሪው እስረኛ ከሆነ በኋላ የሚቀረው ትምህርት ምን ዓይነት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ከቀድሞው ትልቅ ሠራዊት ጥቂቱ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ በየመንገዱም ዐመፀኞች ይጠብቋቸዋል። ለሴባስቶፖል የሚሆን መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ሄደ። ቋጥኝ በባሩድ ይፈነዳል፤ ገደል በአፈርና በድንጋይ ይሞላል፤ ሠረገላው ዳገት ሲወጣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይስቡታል፤ ቁልቁል ሲወርድ ከኋላ ይዘው ያዘገዩታል። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች እንዲህ አድርገው አለፉ። ንጉሡ ልብሳቸውን አደግድገው ከሠራተኛው ፊት ድንጋይ ሲያነሡና ሲደለድሉ ያዩ የውጭ ሰዎች ሁሉ መስክረዋል። የአገሪቱ መኳንንት የእጅ ሥራን በሚጸየፉበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ አካፋ መያዛቸው ከማንኛውም አዋጅ የበለጠ ትምህርት ነበር፤ ግን የሚማረው ሰው በዙሪያቸው እያለቀ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚያው ጊዜ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከባሕሩ ተነሥቶ በሌላ አቅጣጫ ወደዚያው ተራራ ይገሰግስ ነበር። ይህን ጦር ከምሕንድስና አንጻር ማየት ይጠቅማል። 13,000 ያህል ወታደር ነበረው። በዙላ የመርከብ ማራገፊያ ሠራ፤ የባሕር ውሃ እያጣራ ለሰውና ለከብት አጠጣ፤ ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦ እየጎተተ ሄደ። ትልልቆቹን መድፎች 44 ዝሆኖች እንዲሸከሙ አደረገ፤ ሌሎቹ እየተፈታቱ በበቅሎ የሚጫኑ ነበሩ። ከእነዚህ ነገሮች አንዱም ብቻውን ድንቅ አይደለም። ድንቁ እያንዳንዱን ሥራ የሚያውቅ የተማረ ሰው በየቦታው መኖሩ ነው። ባለ ሐዲዱ፣ አናጢው፣ ቀጥቃጩ፣ የበቅሎ ጫማ ሠሪው፣ የሽቦው ሰው፣ ሁሉም ሙያውን በሰላም ጊዜ ተምሮ የመጣ ነበር።

መጋቢት ላይ መቅደላ የደረሱት የአፄ ቴዎድሮስ መድፎች ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ከዚህ ጦር ጋር ተፈተኑ። መድፍ ማቅለጥ አንድ ሙያ ነው፤ መጠኑን አውቆ ባሩድ መሙላትና አነጣጥሮ መተኮስ ሌላ ሙያ ነው። ለሁለተኛው የሠለጠነ ሰው አልነበረም። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ፤ የሌሎቹም ጥይት በጠላት ራስ ላይ እያለፈ ሄደ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊታቸውን ይዘው በጀግንነት ቁልቁል ወርደው ከፈጣን ተኳሽ ጠመንጃ ጋር ተጋጠሙና በዚያው ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲገቡ እጃቸውን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

ከመቅደላ በኋላ

እንግሊዞች መቅደላን አቃጥለውና ያገኙትን መድፍ አፈንድተው ተመለሱ። የጋፋት ባለ እጆችም ከነቤተሰባቸው አብረው ወጡ። ሞሪትዝ ሆል በያፋ ከተማ ተቀመጠ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ቆይቶም ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል መሠረተ። በጋፋት ችግር ላይ የተገኘው ልምድ በሌላ አገር ልጆች ፊት ዋለ። በጋፋት ግን ምድጃው ዳግመኛ አልነደደም።

የሆነ ሆኖ ሐሳቡ ከባለቤቱ ጋር አልተቀበረም። በልጅነታቸው በመቅደላ ተይዘው ያደጉትና በ1857 ዓ.ም. ያመለጡት ምኒልክ የአፄ ቴዎድሮስን ጥረትም ስሕተትም በቅርብ ያዩ ነበሩ። በ1871 ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ ሲመጣ በሰንሰለት አላሰሩትም፤ ረጅም ዘመን በፈቃዱ አገልግሏቸው የመንግሥት አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። ይልቁንም አፄ ቴዎድሮስ ሳይነኩት የቀረውን ጉዳይ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አነሡት። ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ በአዋጅ አዘዙ። ጋፋት ከተዘጋ 40 ዓመት በኋላ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የባለ ሙያ እጥረት ከውጭ በሚመጣ ሰው ብቻ እንደማይሞላ፣ በመንደሩ የተናቀውን ቀጥቃጭ በማክበር መጀመር እንዳለበት በሕግ አወቀ። ሌላ 34 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ትምህርት ቤት የሚወጣው ውጤት መድፍ ሳይሆን ሰው እንዲሆን ታቀደ።

የአፄ ቴዎድሮስን ሥራ ከውጤቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ይበድላቸዋል። የችግሩን ሥር ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ ቀድመው አዩት፤ ጠመንጃ ከመለመን ጠመንጃ ሠሪውን መጠየቅ እንደሚሻል አወቁ። የተሳሳቱት የሚፈለገውን ጊዜ በትእዛዝ ለማሳጠር በመሞከራቸው፣ መምህሩን በፍርሃት ለማቆየት በማሰባቸው፣ በደጃቸው ያለውን ባለ እጅ ሳያዩ የሩቁን በመናፈቃቸው ነው። እነዚህ ሦስት ስሕተቶች የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ ዘመን ብቻ አይደሉም። ሥራ ቤት በተከፈተ ቁጥር፣ የውጭ ባለ ሙያ በተቀጠረ ቁጥር፣ የሥራው መጨረሻ ቀን በተቆረጠ ቁጥር ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ በማንኛውም ታላቅ ሥራ መክፈቻ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሥራው መቼ ያልቃል የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ሲያልቅ ሥራውን የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ስንት ይሆናሉ የሚልም መሆን አለበት።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖልን ምስል በየቀኑ ብዙ ሰው ያልፍበታል። እውነተኛው መድፍ ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ። ጎትተው ያወጡት ሰዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ዳግመኛ ሊያቀልጡት የሚችሉት ግን ከተራራው ወርደው በመርከብ ሄደዋል።